ነገረኛ ማን ነው?

‹‹ይህ ልጅ ነገረኛ ሆነብኝ›› የሚል ስሞታ ያልተሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ምን አድርጎ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ መልስ መለሰ። ተነስ ሲባል ‹‹ለምን እኔ?›› አለ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ ሲባል ‹‹ትናንት እስከ ሁለት ሰዓት ተፈቅዶ አልነበረም ወይ?›› ብሎ ጠየቀ። እህቱ ቁጭ ብላ እሱ ብቻ ሱቅ የተላከባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ቆጠረ። ሰውና ሰው አላጋጨም፤ ወሬ አላመላለሰም፤ ጥል ፍለጋ አልዞረም። ስም ግን ወጣለት። ዘመድ ሲመጣ ይነገራል፤ አያት ሲደውሉ ይነገራል፤ ትምህርት ቤት ሄደን መምህሩ ‹‹ጠባዩ እንዴት ነው?›› ሲሉን ልጁ አጠገባችን ቆሞ እየሰማ ‹‹ትንሽ ነገረኛ ነው›› እንላለን።

ለመሆኑ ነገረኛ ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛ ለሚከራከር ሰው የሚሰጠው ስም አያጣም። ጨቅጫቃ አለ፤ አንድ ነገር ይዞ ጠዋትና ማታ የሚመላለስበት። ነዝናዛም የእሱ ዘመድ ነው፤ የሚያደክመው ግን በጭብጡ ሳይሆን በድምፁ ነው። ግትር በያዘው የሚጸና፣ እልኸኛ መረታትን የማይወድ ነው። ነገር ሰንጣቂ ያልከውን ትቶ የተናገርክበትን ቃል የሚመረምር ነው፤ ‹‹ሁልጊዜ ታመሻለህ›› ሲሉት ‹‹ሁልጊዜ አይደለም፣ ማክሰኞ አላመሸሁም›› የሚል። ምላሰኛ ለሁሉም ፈጣን መልስ ያለው፣ አፈ ጮሌ ደግሞ መልሱን አሳምሮ የሚያቀርብ ነው። ተከራካሪና ተሟጋች የችሎትና የመድረክ ሰዎች ናቸው። ሞጋች የሚለው ቃል ደግሞ በቅርብ ዓመታት ክብር አግኝቷል፤ ሞጋች ጋዜጠኛ፣ ሞጋች ትውልድ ይባላል።

ነገረኛ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ሌሎቹ የሚከራከሩበት ጉዳይ አላቸው፤ ጉዳዩ ትንሽ ሊሆን ይችላል እንጂ አለ። ነገረኛ ጉዳይ አይጠብቅም፤ ይፈልጋል። ነገር የሚለው ቃል ከየትኞቹ ግሶች ጋር እንደሚሄድ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ነገር ይጫራል፣ ይቆሰቆሳል፣ ይቀጣጠላል፣ በኋላም ሽማግሌ ገብቶ ያበርደዋል። ቋንቋው ነገርን እንደ እሳት ነው የሚያየው። እንግዲህ ነገረኛ ማለት እሳቱን የሚጭረው ሰው ነው። እሳቱ ሲለበልበው ‹‹አቃጠለኝ›› የሚለውም ነገረኛ ከተባለ፣ ለጫሪው ሌላ ስም ልንፈልግለት ነው።

የሚገርመው ነገር የሚለው ቃል ራሱ ምንም ክፋት የለበትም። በግእዝ ‹ነገረ› ማለት ተናገረ፣ ነገረ ማለት ነው። ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋገር፣ መንገር ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነገረ ማርያም፣ ነገረ መለኮት ሲባል ትልቅ ጉዳይ ሊተነተን ነው ማለት ነው። በፍርድ ቤት ነገረ ፈጅ የሚባለው ጉዳይ ይዞ የሚቆምልን ሰው ነው። ነገር አዋቂ ምርቃት የሚያህል ምስጋና ነው። ‹‹ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ›› ብለን ለነገር ማዕረግ ሰጥተን ጠጅ አጠገብ አስቀምጠነዋል። ‹‹ነገር ግን›› የሚለው ማያያዣ እንኳ ከዚሁ ነው የመጣው። አንድ ሰው ‹‹ነገር ግን›› ካላለ ሐሳቡን ማረቅ አይችልም።

ታዲያ ምሬቱ ከየት መጣ? ‹ኛ› የሚለው ምዕላድ ላይ የማስተውለው አንድ ነገር አለ። ተከራካሪ የሚለው ስም ከግስ ነው የወጣው፤ ሥራን ነው የሚናገረው። ክርክሩ ሲያልቅ ተከራካሪነቱም ያልቃል። ‹ኛ› ግን ነገሩን ሰውዬው ላይ ይለጥፈዋል፤ ጉልበተኛ፣ ቀናተኛ፣ እውነተኛ እንደምንለው። ‹‹ትናንት ማታ ተከራከረ›› ስንል ስለ ትናንት ማታ ነው ያወራነው። ‹‹ነገረኛ ነው›› ስንል ግን ስለ ልጁ ማንነት ፈርደናል። አፍ የሚለውንም ተመልከቱ። በንጉሡ ዘመን የዳኞች ሁሉ የበላይ ማዕረጉ አፈ ንጉሥ ነበር፤ የዛሬው ምክር ቤት ሰብሳቢ አፈ ጉባኤ ነው። በዚያው አፍ የምትናገር የቤታችን ልጅ ግን አፈኛ ናት።

አያቶቻችንን ክርክር የማይወዱ ሰዎች አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ‹‹በእኛ ጊዜ ልጅ ታላቁ ፊት ቀና አይልም ነበር›› ይባላል፤ እውነትም ብዙ ቤት እንዲያ ነበር። ይህ አገር ግን ክርክርን እንደ ትልቅ ጥበብ ያየ፣ ለእሱም ሥርዓት ያበጀለት አገር ነው። ‹‹ተጠየቅ›› እና ‹‹በላ ልበልሃ›› የሚባለው የጥንት የሙግት ዘይቤ ዛሬ በቴአትርና በፊልም ብቻ የቀረ ቢመስልም፣ የብዙዎቻችን ቅድመ አያቶች ጉዳያቸውን የጨረሱት በእሱ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ነጠላቸውን በሥርዓት ያጣፋሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስ ቤት በሚመታ፣ በምሳሌ በተቀመመ ንግግር ይመልሳል። በቃሉ የሚተማመን ሰው ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊውን ሰው ይዘው ‹‹ፍረደን›› የሚሉበት ጊዜም ነበር። ባለ ጉዳዮቹ እንዳይጠፋፉ ልብስ ለልብስ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ‹‹በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ›› የምንለው አነጋገር የዚያን ዘመን መቆራኘት ያስታውሳል።

በዚያ ችሎት አሳምሮ የተሟገተ ሰው ነገረኛ አይባልም፤ ነገር አዋቂ ነው። ሰው ተሰብስቦ የሚሰማውም ለዚሁ ነው። ነገረኛ የሚባለው በየሳምንቱ ክስ ፈጥሮ ጎረቤቱን ዳኛ ፊት የሚያመላልሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ባላገሩ ሳይማር ያውቀው ነበር።

በአብነት ትምህርት ቤትም ያው ነው። የመጻሕፍት መምህሩ አንዱን ንባብ ከተረጎሙ በኋላ ‹‹አንድም›› ብለው ሌላ ትርጉም ያመጣሉ፤ ቀጥለው እንደገና ‹‹አንድም›› ይላሉ። አንድምታ የሚባለው የትርጓሜ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚህች ቃል ነው። አንዱ ትርጉም ሌላውን ሳይሰድበው ጎን ለጎን ይቀመጣል። በየቤታችን ያለው የአሥር ዓመት ልጅም ‹‹እማዬ፣ እንዲህም ሊሆን ይችላል እኮ›› ሲል፣ ሳያውቀው ‹‹አንድም›› ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። ይህ ስም ለሁሉም ልጅ እኩል አይታደልም። ወንዱ ልጅ ስለ ኳስ ሰዓቱ ሲከራከር አጎቶቹ ይስቃሉ፤ ‹‹ጠበቃ ነው የሚወጣው!›› ይባልለታል። እህቱ በዚያው ማዕድ ላይ ‹‹እሱ ሳህኑን ለምን አያነሳም?›› ስትል ‹‹ምላሰኛ! በዚህ አፍሽ ማን ያገባሻል?›› ትባላለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከእሱ ይልቅ ጭብጥ ያለው የእሷ ክርክር ነው። በ2011 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በየቤቱ ደስ ተብሎናል። በዚያው ሳምንት ስንት ልጃገረድ ‹‹አፍሽን ዝጊ›› እንደተባለች ማን ይቆጥራል?

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ከላይ እንዳልኩት ነገርና መንገር አንድ ሥር ናቸው። ነገረኛ የተባለ ልጅ መጀመሪያ የሚተወው ነገርን አይደለም፤ መንገርን ነው።

እንበልና የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ‹‹እነ እገሌ ቤት አልሄድም›› ትላለች። የት ነው? ሁልጊዜ የምትሄድበት፣ ቡና ሲፈላ የምንገናኝበት ቤት ነው። ‹‹ለምን?›› ስትባል ‹‹በቃ አልሄድም›› ትላለች። እናት ሥራ ይዛለች፤ ድስቱ እሳት ላይ ነው። ‹‹ምን ዓይነት ነገረኛ ሆነሻል አንቺ! ሂጂ ብያለሁ ሂጂ!›› ትላለች። ልጅቷ ትሄዳለች። ወይም አንድ ልጅ እንግዳ የሆኑ ሰውዬ አቅፈው ሊስሙት ሲሉ ወደ ኋላ ይላል፤ ሳም ሲባል አልስምም ይላል፤ ‹‹ባለጌ፣ አሳፈርከኝ›› ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ከእምቢታው ኋላ ትልቅ ነገር የለም። ውሻቸውን ፈርታ፣ ወይም የዚያ ቤት ልጅ እርሳሷን ወስዶባት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን አለ። ልጆች የደረሰባቸውን ጥቃት እንደ ትልቅ ሰው ከመነሻው እስከ መድረሻው አያወሩም። ቃሉ የላቸውም፤ ያፍራሉ፣ ይፈራሉ፣ አንዳንዶቹም ‹‹ብትናገሪ ወዮልሽ›› ተብለዋል። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ታሪኩ ሳይሆን እምቢታው ነው። ‹‹አልሄድም፣ አልወደውም፣ ሆዴን አመመኝ›› ይላሉ። ያንን የመጀመሪያ ቃል ነገር ብለን ከመለስነው ሁለተኛው ቃል አይመጣም። ምጣዱ ከእሳት ወርዶ፣ ከልጅቷ ቁመት እኩል ዝቅ ተብሎ፣ ‹‹እሺ ዛሬ አትሂጂ፤ እዚያ ቤት የማትወጅው ምንድን ነው?›› ቢባል የሚጠፋው አሥር ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት ካልተናገረችም አያስጨንቅም። እምቢ ስትል እንደምትሰማ አውቃለች፤ ነገ ማታ ስትተኛ ልትናገር ትችላለች። ለዚህ ደግሞ አያቶች ከወላጅ ይሻላሉ፤ ጊዜም ትዕግሥትም አላቸው፣ ልጅም ሚስጥሩን ለአያት መንገር ይቀለዋል።

ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ላይ፣ የራሱ አመለካከት መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከቱት ጉዳዮች ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ አለንና ባልደረቦቹም ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ የተከታተሏቸውን ልጆች አጥንተው ነበር። ከእናታቸው ጋር ሲከራከሩ በማልቀስና በመነዝነዝ ሳይሆን ምክንያት እያቀረቡ በሐሳባቸው የጸኑት፣ በኋላ ጓደኞቻቸው ወደ መጠጥና ወደ አደንዛዥ ዕፅ ሲገፏቸው በቀላሉ የሚነዱ አልሆኑም። ለብዙ ወላጅ ይህ ሊከብድ ይችላል። የምንመኘው ለእኛ እሺ፣ ለጓደኛው እምቢ የሚል ልጅ ነው። እምቢ ማለትን ግን የትም ሳይለማመድ ከየት ያመጣዋል?

ይህን ስል ልጅ ያለውን ሁሉ ይፈጸምለት እያልኩ አይደለም። መስማትና መስማማት ለየቅል ናቸው። በዛፉ ሥር ችሎትም ተረቺ ነበረ፤ ተሰምቶ ነው የሚረታው። የመኝታ ሰዓት ላይ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚከራከር ልጅ ሞጋች ሳይሆን ጨቅጫቃ ነው፤ ‹‹ሰማሁህ፣ ምክንያትህ ገብቶኛል፣ ነገ ትምህርት ስላለ ግን ትተኛለህ›› ተብሎ ነገሩ ሊዘጋ ይገባል። የተዘጋ ነገር ደግሞ በእናት ተዘግቶ በአባት ሊከፈት አይገባም፤ አያትም ከጀርባ ቁልፉን ባያቀብሉ ጥሩ ነው። ትንሽ እሳት የሚጭር ልጅም አለ። የታናሹን ምስጢር ለታላቁ፣ የእናቱን ቁጣ ለአባቱ ጨምሮ የሚያወራ፣ ሌሎች ሲጣሉ ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለ፣ እሱ ነገር እየሠራ ነው። እሱንም ቢሆን ሥራውን ስም ጠርቶ መውቀስ ይሻላል፤ ‹‹ዛሬ ወንድምህንና እህትህን አጋጨህ›› ሲባል የሠራውን ያውቃል። ‹‹ነገረኛ ነህ›› ሲባል ግን ምኑን ያርመው?

ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣን ጭብጡ ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ልጁ እውነት ተናግሯል፤ ግን ጮኾ፣ ወይም አባቱ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ነው። ለዚህ ቋንቋችን መድኃኒት አለው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ለማቋረጥ የሚፈልግ ሰው ‹‹ንግግርዎን በማር ላቋርጥዎትና›› ይላል። ‹‹ይቅርታ ያድርጉልኝና››፣ ‹‹እንዲያውም እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር››፣ ‹‹ባላውቅም ግን እንዲህ ይመስለኛል›› የሚሉት ሁሉ የተቃውሞ መንገዶች ናቸው፤ ማንንም አያስቀይሙም። እነዚህን ዕድር ላይና ሽምግልና ላይ እንናገራቸዋለን፤ ለልጆች ግን አናስተምራቸውም። ከዚያ ሳናስተምራቸው ባለመቻላቸው እንቀጣቸዋለን።

ውጭ አገር ባሉ ቤተሰቦች ይህ ይብሳል። ዋሽንግተን አካባቢ ያደገ የልጅ ልጅ መምህሩ ‹‹ለምን እንዲህ አሰብክ?›› እያሉ ሲያደፋፍሩት ይውላል። በስልክ ‹‹ለምን?›› ያላቸው አያት አዲስ አበባ ተቀምጠው ‹‹ስድ አደገ›› ብለው ያዝናሉ። በእንግሊዝኛ አንተም እርስዎም አንድ ቃል ስለሆኑ፣ ልጁ ወደ አማርኛ ሲመልሰው አያቱን ‹‹አንተ›› ይላል፤ ክብር ነስቶ ሳይሆን ቃሉ ጎድሎት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በየሳምንቱ አንዲት አነጋገር በስልክ ማስተማር ለአያትም ደስ የሚል ሥራ ነው። ‹‹በማር ላቋርጥዎት›› የሚለውን ደግሞ ልጆች ሲሰሙት ይወዱታል፤ ለማሳቅም ሲሉ ይደጋግሙታል።

እስካሁን ስለ ልጆች ነው ያወራነው። ይህ ስም ግን የሚለጠፍባቸው ሌሎችም አሉ፤ እነሱም ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ይሆናል። ‹‹አባባ እያረጁ ነገረኛ ሆኑ›› ይባላል። ዕድሜ ልካቸውን ዝምተኛ የነበሩ ሰው ድንገት ለትንሹም ለትልቁም መቆጣት ጀመሩ፤ ‹‹ስለ እኔ ታንሾካሹካላችሁ›› አሉ፤ ‹‹ቦርሳዬን ማን ወሰደው?›› ብለው ሠራተኛዋን ጠረጠሩ። ቤተሰቡ ይቆጣል ወይም ይስቃል፤ ከዚያ ማናገር ይተዋል።

እዚህ ላይ ቀድሞ የሚታሰበው ጠባይ ሳይሆን ጤና መሆን አለበት። የመርሳት ሕመም የሚጀምራቸው አረጋውያን ዕቃ ያስቀመጡበትን ስለሚረሱ ተሰረቅኩ ማለታቸው የታወቀ ምልክት ነው። ለውጡ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ሰውየው ግራ የተጋቡና ቀንና ማታ የተምታታባቸው ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ ይህን ያደርጋል። የማይናገሩት የጥርስ ወይም የጉልበት ሕመምም ሰውን ቁጡ ያደርጋል።

ከሁሉም የበለጠ የሚረሳው ግን ጆሮ ነው። በግማሽ የሚሰማ ሰው በግማሽ ለሰማው ነው የሚመልሰው። ‹‹ቡና ይቅረብ?›› ሲሉት ‹‹ማን ቀረ?›› ብሎ ይቆጣል። ሌሎች ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው አልሰማምና በእሱ የሳቁ ይመስለዋል። ቀርቦ፣ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ማናገር ብዙውን ጠብ ያስቀራል፤ የመስሚያ መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነም የጆሮ ሐኪም መርምሮ ይነግራል። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ይጸዳል፤ ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዛ ብለው ከልጆቹ ጋር የሚከራከሩት አባባ ይሆናሉ።